የመመዘኛው በቆሎ

ደሙ ከማሽኑ አፍ እስከ ወርክሾፑ በር ተንጠባጥቧል። የወርክሾፑን ሠራተኛ የሮቤራን ሁለት ጣቶች የበላው አዲሱ የበቆሎ መፈልፈያ፣ ገና ትናንት ከሦስት ዲዛይኖች አንደኛ ተብሎ የተጨበጨበለት ነው።

ባልደረባው ሊሊሴ ደሙን ተሻግራ ገባች። የውድድሩን ነጥብ ያሰላችው እሷ ናት።

ኢንስፔክተር ቀጀላ ሲመረምር አይጮህም። ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። የነቀምቴ ሰው የሚፈራው ይህንኑ ነው።

«መከለያ የሌለው ማሽን እንዴት አሸነፈ?»

«የመዘኑት ገበሬዎቹ ናቸው፣ ኢንስፔክተር። ለደኅንነት፣ ለፍጥነትና ለዋጋ አንዳንድ ጣሳ አስቀመጥን። ይበልጥ በሚያሳስባቸው ላይ የበቆሎ ፍሬ ይጨምራሉ፤ ሴቶቹ ቀይ፣ ወንዶቹ ነጭ። ፍሬ የበዛለት መስፈርት በነጥቡ ላይ ክብደት ያገኛል። ፍጥነት በዛ፤ ፈጣኑ ዲዛይን አሸነፈ።»

«እስኪቆጠር ድረስ የክፍሉ ቁልፍ ማን ዘንድ ነበር?»

«እኔ ዘንድ።»

ፍሬውን ነካክቷል ተብሎ መጀመሪያ የተጠረጠረው የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ሀብተጊዮርጊስ ነበር፤ ትርፍ ቁልፍ አለው፣ ስለ ፈጣኑ ማሽንም ሲፎክር ሰንብቷል። ግን ፍሬው በተጨመረበት ቀን ሲሬ ከተማ ብረት ሲያስጭን ውሏል፤ ሹፌሩም መሰከረ። የቀረችው ሊሊሴ ብቻ ሆነች። እናቷ እስር ቤት ስንቅ ይዘውላት ሲመጡ ታያት፤ ፈራች፣ በጣም ፈራች።

ቀጀላ የፍጥነቱን ጣሳ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። ከነጩ መሃል ቀዩ ሞልቷል። ሊሊሴ ብዛቱን ቆጥራ ቀለሙን ሳታይ ነበር ያለፈችው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ማለት ይኼ ነው።

ሊሊሴ ጊዳ አያና ወረዳ ላሉት የሴቶቹ ተወካይ ለአዴ ድርቤ ደወለች፤ ኢንስፔክተሩም እንዲሰማ የስልኩን ድምፅ ከፈተችው።

«ፍጥነት?» አሉ አዴ ድርቤ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እኛ ሴቶቹ ደጅ ተማክረን ነው የገባነው። ማሽኑን የሚያጎርሱት ልጆቻችን ናቸው። ቀዩን በሙሉ ደኅንነት ላይ ጨመርን። አንዲት ፍሬ ሌላ ጣሳ አልገባችም።»

ቀጀላ ወደ ሊሊሴ ዞረ። «ቁልፉን ለማን ሰጠሽ?»

ሊሊሴ ትዝ አላት፤ ባይላት በወደደች። ምሳ ልትወጣ ስትል ጃኬቴን ክፍሉ ውስጥ ረሳሁ ብሎ ቁልፉን የለመናት ሰው ነበር። ፈጣኑን ዲዛይን የሣለውም እሱ ነው። ሁሉም አዝኖለት ስለነበር ማንም አልጠረጠረውም።

ሆስፒታል ሲደርሱ ሮቤራ እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ፖሊሱን ሲያይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ሥዕሌን በየጊዜው ሲጥሉብኝ ኖሩ» አለ። «አንዴ እንኳ ላሸንፍ ብዬ ከደኅንነቱ ጣሳ ዘግኜ ወደ ፍጥነቱ ጨመርኩ።»

«ታዲያ አደገኛ መሆኑን እያወቅክ እጅህን ለምን ከተትክ?» አለች ሊሊሴ።

ሮቤራ ዞሮ አያት።

«ኦቦሌቲ ኮ፣ እህቴ፣ አንደኛ ብለሽ ስታነቢው ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔም አብሬ አጨበጨብኩ። ከዚያ በኋላ እውነት መሰለኝ።»