ለአራሷ የተላከው ቅቤ

«አትቆራርጪው። እያጠፍሽ ጨፍልቂው፤ ውሃው እስኪገባበት ድረስ» አለቻት እናቷ ወይዘሮ አበራሽ።

እልፍነሽ እጇን ወደ ገበቴው መለሰች። ውሃው ለብ ያለ ነበር። ቀዝቃዛ ከሆነ ቅቤው ይደድርና ውሃውን አይቀበልም፤ ትኩስ ከሆነ ደግሞ ይቀልጥና ይለያል። እናቷ ይህን ደጋግማ ነው ያስጠነቀቀቻት። እናቷ ውሃውን ከትናንቱ እንስራ ስትቀዳ አንዲት ዝንብ ተንሳፍፋበት ነበር። ዝንቧን በጣቷ አወጣችና ጣቷን በቀሚሷ ጠርዝ ጠርጋ፣ «በስመ አብ» ብላ ውሃውን ቅቤው ላይ አፈሰሰችው። እልፍነሽን ከዝንቧ ይልቅ ያቅለሸለሻት ያ «በስመ አብ» ነበር።

መጀመሪያ ላይ ውሃው በገበቴው ዳር ዳር ይሸሽ ነበር። ስትጨፈልቀው ቅቤው ላይ እንደ ላብ ያለ ጠብታ ይወጣል። ስታጥፈው ጠብታው ይደቅቃል፣ ግን ይበዛል። ደግማ ደጋግማ ስታጥፈው ጭራሽ አይታይም። ቅቤው ነጣ፣ አበጠ። እልፍነሽ ነገርን አትኩሮ ማየት ትወዳለች፤ ወተት እንዴት እንደሚረጋ፣ ጭስ በየት በኩል እንደሚወጣ። አሁን ግን ማየቱም ቀፈፋት። በጣቶቿ መሃል የሚጭለቀለቀው ነገር ሌላ ሰው ያላመጠው ምግብ መሰላት።

«እማዬ፣ ይሄ ለአራስ ነው እኮ።»

«ለማን እንደሆነ አውቃለሁ።»

«ውሃ የገባበት ቅቤ ቶሎ ይሻግታል ያልሽው አንቺ ነሽ።»

«ሳይሻግት ትበላዋለች። ምን ላድርግ? ላሚቱ ነጥፋለች። የገዢው ግቢ ጸሐፊ ሚስት ጭብጥ የማታህል ቅቤ ላከች ይበሉኝ?» እናቷ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ደግሞ የሁሉም ቅቤ አንድ ማሰሮ ውስጥ ነው የሚገባው። የማን እንደሆነ ማን ሊለየው?»

እውነቷን ነው። የአካባቢው ሴቶች የቅቤ ማኅበር ዊጆ ይባላል። ሁሉም ቅቤ ያዋጣሉ፣ ተራ የደረሳት ወስዳ ትጠቀምበታለች። ዛሬ ተራው የባፈና እናት ነው፤ ሰሞኑን ነው የወለደችው። ባፈና ደግሞ የእልፍነሽ ጓደኛ ናት።

እናቷ ቅቤውን በኮባ ጠቅልላ አሸከመቻት። እልፍነሽ ከሆሳዕና ወጥታ ወደ ባፈና መንደር የሚወስደውን የሌሞን ቁልቁለት ስትጀምር ከአንድ የእንሰት ጓሮ ጥግ ተቀመጠችና ኮባውን ፈታች። ማንም አያያትም። ቅቤውን በሁለት እጇ ጨምቃ ያዘችው። ጥቂት ጠብታ ተንጠባጠበ፤ ከዚያ በኋላ ምንም። አገላብጣ ጨመቀችው፣ በኮባው ተጫነችው። ቅቤው ቅርጹን ቀየረ እንጂ ውሃውን አልለቀቀም። ያን ያህል ስታሽ አርፍዳ ያስገባችው ጠብታ ሁሉ ውስጡ ተሰግስጓል። እናቷ ቅቤ ስታነጥር ያየችው ትዝ አላት፦ እሳት ሲነካው ስቡ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ውሃው ከታች እየተንጣጣ ይቀራል። ያለ እሳት መለየት የለም።

እጇን በሣር ጠረገች። ሽታው አልለቀቀም።

ባፈና በራፍ ላይ ቆማ ትጠብቃት ነበር። «እስካሁን የት ነበርሽ? የጸሐፊ ልጅ በቅሎ ካልተጫነላት አትመጣም ብያቸው ነበር።»

«ዝም በይ አንቺ።»

«እናቴ ከነጋ ስለዚህ ቅቤ ነው የምታወራው። ለቆጮው እኔ ነኝ የማቀልጥላት። እኔ ነኝ የማጎርሳትም።»

እልፍነሽ ኮባውን ወደ ደረቷ አስጠግታ ገባች።

ቤቱ ውስጥ ሴቶቹ ማሰሮውን ከበው ተቀምጠዋል። የዊጆው መሪ፣ የሎምበሞ እናት የሚሏት ባልቴት፣ ማሰሮውን በእግሮቿ መሃል ይዛዋለች። ልማዱ ቀላል ነው፦ ባለ ቅቤዋ ራሷ ፈትታ ትጨምራለች፤ የቀሩት ፊታቸውን ወደ አራሷ አዙረው ይመርቃሉ። ሰው ያመጣውን ቅቤ አፍጦ ማየት ነውር ነው።

«በሉ ዙሩ፤ የጸሐፊው ልጅ መጣች» አለች ባልቴቷ።

ሁሉም ዞሩ። ባፈናም ዞረች። ምርቃቱ ተጀመረ፦ «ጡትሽ ይሙላ፣ ልጅሽ ይደግ...» እልፍነሽ ኮባውን ፈትታ ማሰሮው አፍ ላይ ጎንበስ አለች። የሚያያት የለም። ብትለቀው አለቀ። ኮባውን መልሳ ወደ ራሷ ሳበችው።

«እሳት አለ?» አለች።

ምርቃቱ ተቋረጠ። ባልቴቷ ሳትዞር፣ «ለምኑ?» አለቻት።

«የኛ ቅቤ ሳይቀልጥ አይጨመርም። ውሃ አለበት።»

«ላማቸው ወንዝ ውስጥ ቆማ ታልባ ይሆናል» አለች አንዷ። ሌላዋ ልትስቅ ጀመረችና ተወችው።

ባልቴቷ ቀስ ብላ ዞረች። «ውሃውን ማን ጨመረበት?»

ለእልፍነሽ እናቷ በሌላ ቀን በእነዚህ ሴቶች መሃል ነጠላዋን አስተካክላ ስትቀመጥ በዓይነ ሕሊናዋ ታየቻት። «እኔ ነኝ ያሸሁት» አለች። ሐሰት አልነበረም፤ የጎደለ ግን ነበረው። ባልቴቷ የእልፍነሽን እጆች ብዙ አየቻቸው። ሌላ አልጠየቀችም። «ባፈና፣ ትንሽ ድስት አምጪላት» አለች።

ድስቱ እሳት ላይ ተጣደ። ቅቤው ሲሞቅ ሟሸሸ፣ ቀጥሎ ተንጣጣ፤ የረጠበ ጨርቅ የመሰለ ሽታ ቤቱን ሞላው። አንዷ አፍንጫዋን በነጠላዋ ያዘች። እልፍነሽ ድስቱን አውርዳ እስኪረጋጋ ጠበቀች። ቢጫው ከላይ ጠራ፤ ከሥሩ ውሃው ደፍርሶ ቀረ። ቢጫውን በጭልፋ እየቀዳች ወደ አንድ ዋንጫ አሳለፈችው። ዋንጫው እንኳ አልሞላም።

«ይሄ ነው የኛ» አለች።

ባልቴቷ ተቀብላት አጠገቧ አስቀመጠችው። «ሲበርድ እንጨምረዋለን።»

እልፍነሽ ድስቱን ይዛ ወጣችና ውሃውን ከአጥሩ ጥግ ደፋችው። ባፈና ተከትላት ወጥታ ነበር፤ ግን አልተጠጋቻትም።

«ባትናገሪ ኖሮ ላጎርሳት ነበር» አለች።

«አውቃለሁ።»

«አንቺ ብቻሽን አላደረግሽውም።»

እልፍነሽ የድስቱን ጠርዝ በሣር ጠረገች። ባፈና ድስቱን ተቀበለቻት፣ ወደ ውስጡ አየችና ፊቷን አጨማደደች። «ይሄን በአመድ ነው የማጥበው» ብላ ገባች። ነይ አላለቻትም።

ከቤቱ ውስጥ ምርቃቱ እንደገና ተሰማ። ሲያልቅ ሴቶቹ ይበተናሉ፤ ከመካከላቸውም አንዷ በእናቷ ደጅ ማለፏ አይቀርም። እልፍነሽ ተሰናብታ እንኳ አልወጣችም። ወሬው ሳይቀድማት የሆነውን ራሷ ለእናቷ ልትነግር ዳገቱን በሩጫ ተያያዘችው።