በመስኮቷ ሥር ያሉት ቅጠሎች

የዘር ባለሙያው ባምላኩ ሞቶ የተገኘው ሞላሌ ባለው የአትክልት ዘር ማከማቻ፣ መመርመሪያ ክፍሉ ውስጥ ነው። ከአጠገቡ የከሰል ምድጃ፣ ከፊቱ የመፈተኛ ችግኞች ነበሩ። ከችግኞቹ በላይ ያለችው መስኮት ተዘግታለች። የገደለው የከሰሉ ጭስ ነው።

ከሰሉን ያቀጣጠሉት ጥበቃው መኳንንት ታሰሩ።

«ውርጭ ችግኙን እንዳይፈጀው ሁልጊዜም አነዳለሁ» አሉ ለመርማሪዋ ለሳጅን ጌታነሽ። «ባምላኩ እዚያው አንቀላፍቶ ነበር፤ መስኮቷን ግን ለጭሱ ከፍቼ ነው የወጣሁት። አንቺም ካላመንሽኝ እስር ቤት መሞቴ ነው፣ ልጄ።»

ጌታነሽ ማመንም መተውም አቃታት። ኃላፊውን አቶ ኪዳነ ወልድን ጠየቀቻቸው።

«ያ ክፍል የባለሙያዎች ነው» አሉ። «እግሬን አስገብቼበት አላውቅም። ይልቅ ቶሎ ጨርሺልን፤ ገበሬው የቃሪያ ዘሩን እየጠበቀ ነው።»

ከቀናት በኋላ ተመልሳ ስትመጣ በመስኮቷ ሥር ያሉት ቅጠሎች ብቻ ነጠብጣብ አውጥተዋል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

የባምላኩ ባልደረባ ጥሩሸዋ ጎንበስ አለች። «ቫይረስ። ከተጠረጠረ ዘር የበቀለውን ጨምቀን እነዚህ ቅጠሎች ላይ እናሻለን፤ በሽታ ካለበት እንዲህ ይሆናሉ። እነዚህን ግን ገና አላሸናቸውም። ባምላኩ የሞተ ዕለት ማታ ቅጠሉን የሚቧጭር ደቃቅ አሸዋ ብቻ ነው የነሰነስንባቸው።»

«ታዲያ ከየት መጣ?»

«ትምባሆ የነካ እጅም ያመጣዋል። ግን እዚህ ማን ትምባሆ ይነካል? ሁላችንም የንስሐ አባት ያለን ነን።»

«ይህን ለማንም አትንገሪ።»

ጌታነሽ አሸዋ የተነሰነሰባቸው ሦስት ችግኞች ግቢ ውስጥ አስቀመጠች። መኳንንት ያን ዕለት የለበሱትን ካፖርት ለብሰው ከእስር መጡ። እሳቸው፣ ጥሩሸዋና ኪዳነ ወልድ እጃቸውን ከትተው ኪሳቸውን እንዲፈትሹ፤ ከዚያ እያንዳንዳቸው አንዳንድ ችግኝ ቅጠሉን እየያዙ ወደ ፀሐይ እንዲያዞሩ አደረገች።

«ፖሊስ አትክልተኛ ሆነ» ብለው ኪዳነ ወልድ ሳቁ።

ቀናት አለፉ። ሁሉም እንደገና ተሰበሰቡ። ሁለቱ ችግኞች ንጹሕ ናቸው። ኪዳነ ወልድ የያዙት ነጠብጣብ አውጥቷል።

«መስኮቷን ለመዝጋት በችግኞቹ መሀል እጅ መስደድ ግድ ነው» አለች ጌታነሽ። «አሸዋው ቅጠሉን ቧጭሮታል፤ ትምባሆ የያዘው እጅ በሽታውን አስገባ። አቶ ኪዳነ ወልድ፣ ኪስዎ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

እሳቸው ትንሽ የሱረት ትምባሆ ቆርቆሮ አወጡ። ጥሩሸዋ ፊቷን አዞረች።

«ሱረት መውሰድ ሰው መግደል ነው?»

«አይደለም። እግርዎ ያልረገጠው ክፍል ውስጥ እጅዎ ምን ሊሠራ ገባ?»

ኪዳነ ወልድ ቆርቆሮውን አገላበጡ። «መርሐቤቴ ቆላ ድረስ እየወረድኩ ስንት ዓመት የለቀምኩት ዘር ነው» አሉ። «ባምላኩ ግን በሽታ አለበት፣ ይቃጠል አለኝ። እንደ ቀልድ።»

ጥሩሸዋ ምርመራውን ጨረሰች። ባምላኩ ልክ ነበር።

ዘሩን እንዲያቃጥሉ የታዘዙት ከእስር የተፈቱት መኳንንት ናቸው። ከረጢቶቹን ሊያወጡ ወደ ማከማቻው ገቡ። ክብሪት ከመጫራቸው በፊት ግን ወደ መመርመሪያው ክፍል ዞሩና መስኮቷን ወለል አድርገው ከፈቷት።