አሥራ ሰባት ጊዜ የፈረሰው አዳራሽ

የአዳራሹ ጣሪያ ለሦስተኛ ጊዜ ወደ እትዬ አሰገደች ራስ መውረድ ሲጀምር፣ እትዬ አሰገደች ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ጎንበስ ከማለት በቀር ንግግራቸውን አላቋረጡም።

«ዝቅ ይበል ነው የምለው። የለቅሶ ቤት ነው፤ የሰው አንገት ወደ ላይ የሚንጋጠጥበት ምን ጉዳይ አለው?»

«ከፍ ይበል እንጂ!» አሉ ጋሽ ኑረዲን ከማዶ። «ትንፋሽ ያጥራል። ወላሂ፣ እንዲህ ከጠበበ ሟቹ ራሱ ተነሥቶ ይወጣል።»

ጣሪያው ቆመ። የሚያስብ ይመስል ትንሽ ቆየና ወደ ላይ ተመለሰ።

አርክቴክቷ ውድነሽ አያሌው በሩ አጠገብ ቆማ ትሰማለች። ከሥራዋ ግማሹ መስማት ነው። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሃያውን ያሳለፈችው «ነጭ ይሁን፣ ግን ነጭነቱ አይታይ» ከሚሉ ደንበኞች ጋር ነው። እንደ ቀለበት ከተማ ዕድር ያለ ደንበኛ ግን ገጥሟት አያውቅም።

ቀለበት ምድርን እየዞረች ራሷም እንደ ጋሪ ጎማ የምትሽከረከር፣ ዘጠኝ መቶ ሰው የሚኖርባት የሰማይ ከተማ ናት። መሽከርከሯ ለሰዉ ክብደት ይሰጠዋል፤ ከምድሩ ግን ቀለል ይላል። ሽማግሌዎች «ጉልበታችን ታደሰ» እያሉ የሚወዷት ለዚህ ነው። ግድግዳና ጣሪያዋ የሚሠራው በዳጉሳ ነው። ዳጉሳ የሚሏት እንደ እህሏ ፍሬ የደቀቀች፣ የራሷ ጉልበት ያላት የግንባታ ቅንጣት ናት፤ ተያያዢ ሲሏት ግድግዳ፣ ተበተኚ ሲሏት ክምር ትሆናለች። ቅንጣቶቹን ሁሉ የሚመራው አሳቢ መሣሪያ «አውራ» ይባላል፤ ውድነሽን የሚያነጋግራት ጆሮዋ ውስጥ ባለች ማዳመጫ ነው።

ጣጣው የመጣው ከዕድሩ መተዳደሪያ ደንብ ነው። አንቀጽ ዘጠኝ «ማንኛውም አባል የሰጠው ሐሳብ በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል» ይላል። ኮሚቴው ደግሞ ገና በመጀመሪያው ስብሰባ «አውራው በቃለ ጉባኤ የሰፈረውን ይፈጽም» ብሎ ወሰነ። እንግዲህ ሰው አፉን በከፈተ ቁጥር ቤቱ ይንቀሳቀሳል። ባለፈው ወር አንድ አባል «ይኼ ምሰሶ ዓይኔን ወጋኝ» ቢሉ፣ ምሰሶው እንዳፈረ ሰው ወደ ጥግ ሸሸ። ጣሪያውም ተከተለው።

«ኢንጂነር» አሉ ሊቀመንበሩ ጋሽ ጥሩነህ፣ በከዘራቸው ወለሉን ቆርቆር እያደረጉ።

«አርክቴክት ነኝ፣ ጋሼ።»

«ያው ነው። ካስማውስ?»

«የምኑ ካስማ?»

«የድንኳኑ ነዋ! አዳራሹ በድንኳን አምሳል ይሠራ ብለናል። ካስማ ያልተተከለለት ድንኳን ደግሞ ድንኳን አይባልም።»

«ጋሼ፣ ከዚህ ወለል በታች አንድ ክንድ ብረት አለ፤ ከብረቱ በታች ባዶ ሰማይ ነው። ካስማው ካለፈ የምንተነፍሰው አየር ሁሉ ወጥቶ ያልቃል።»

ጋሽ ጥሩነህ አገጫቸውን እያሻሹ አሰቡበት። «እንግዲያው በጥቂቱ አስገቢው።»

ይህ አሥራ አምስተኛው ንድፍ ነው። በሩ ለቀስተኛው ሁሉ ባንዴ እንዲገባ ሰፊ፣ ቀድሞ ሹልክ የሚለው ሰው እንዲታወቅ ደግሞ ጠባብ እንዲሆን ተጠይቃለች። ሁለቱንም ሠርታለች። ግድግዳው ሐዘንተኛውን እንዲያጽናና፣ «ግን አጽናኝ እንዳይመስል» ተብላለች። እሱንም ሞክራለች። አዳራሹ አለቀ ሲባል ሁልጊዜ አንድ ነገር ይነሣና ይፈርሳል።

አሁን ግን ጊዜው አልቋል። የከተማው አስተዳደር በደብዳቤ አሳውቋል፤ አዳራሹ እስከ ቅዳሜ ቀን ስድስት ሰዓት ድረስ ቆሞ፣ በሊቀመንበሩ ፊርማ ርክክቡ ካልተፈጸመ፣ ቦታው ለአትክልት ማብቀያ ይሰጣል። ቀጣዩ የቦታ ድልድል ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። በቀለበት እስከዛሬ ሰው ሞቶ አያውቅም፤ ሕመም የጠናበት ወደ ምድር ይወርዳል። ቢሆንም ዕድሩ ቤት አጥቶ ሐዘንተኛ በኮሪደር እንዲቀመጥ ውድነሽ አልፈቀደችም። ደግሞም ቃል ሰጥታለች። ጋሽ ጥሩነህ ሥራውን ሲሰጧት «ታደርሽዋለሽ?» ብለው ጠይቀዋት ነበር፤ «እግዚአብሔር ካለ አደርሰዋለሁ» ብላለች። በዚህ ስም የተባለ ነገር እሷ ዘንድ ቀልድ የለውም።

በማግሥቱ፣ ሐሙስ፣ አማተበችና ሥራዋን ጀመረች። መጀመሪያ የአውራውን ጆሮ ቀነሰች፤ ከሦስቱ የኮሚቴ አባላት፣ ከጋሽ ጥሩነህ፣ ከእትዬ አሰገደችና ከጋሽ ኑረዲን በቀር የማንንም ቃል እንዳይሰማ፣ እነሱም ቢሆኑ «አዝዣለሁ» ካላሉ በቀር እንዳይታዘዝ አደረገች። ቀጥላ ሦስቱን አንድ በአንድ ቤታቸው ሄዳ ንድፉ ላይ አስፈረመች። የካስማውን ነገር ወለሉ ላይ በተሳለ ካስማ ጨረሰችው። ጋሽ ጥሩነህ ሥዕሉን ዐይተው፣ «ዝናብ ቢመጣ አይችልም» አሉ። ቀለበት ላይ ዝናብ ዘንቦ አያውቅም፤ ውድነሽም ብዕሩን አቀበለቻቸው።

ዐርብ ጧት አሥራ ስድስተኛው አዳራሽ ቆመ፤ የሚያምር ቤት ሆነ። ቁርሷን በልታ ስትመለስ ግን የምሥራቁ ግድግዳ የለም። ጉልበት የሚደርስ የዳጉሳ ክምር ብቻ ነው ያለው።

«ማን አዘዘህ?»

«ያዘዘኝ የለም» አለ አውራው።

የትእዛዝ መዝገቡን አየች፤ ባዶ ነው። ቅንጣቶቹን በእፍኟ እየዘገነች መረመረች፤ ደህና ናቸው። ሥራውን እንደገና አስጀመረች። አራት ሰዓት ፈጅቶ አሥራ ሰባተኛው ቆመ፤ በበሩ ደፍ ላይ አረንጓዴ መብራትም በራ። ይህ መብራት የሚበራው ሥራው ሲያልቅ ነው፤ ያን ጊዜ አውራው ከኮሚቴው የገባውን ሰው ድምፁን አውጥቶ «አልቋል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል።

በዚህ ጊዜ ውድነሽ አልወጣችም። ዓይን ያላየውን ጆሮ ይይዘዋል ብላ ከምሰሶው ጀርባ ተቀመጠች።

ብዙም ሳይቆይ የከዘራ ድምፅ መጣ። ጋሽ ጥሩነህ ናቸው። በሩ ላይ ቆመው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ወደ ምሥራቁ ግድግዳ ሄደው መዳፋቸውን አሳረፉበት።

«አልቋል ወይ?» አለ አውራው።

«ገና ነው» አሉ፣ ቀስ ብለው።

ግድግዳው ከመዳፋቸው ሥር እንደ አሸዋ ፈሰሰ።

«ጋሼ!»

ሽማግሌው ደነገጡ። ቀጥሎ እንደ ባለሥልጣን ሊቆጡ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ክምሩ ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ።

«ካስማው ደስ አላለኝም» አሉ።

ውድነሽ አጠገባቸው ተቀመጠች። ምንም አልጠየቀችም። ደንበኛ እውነቱን የሚናገረው ጥያቄው ሲያልቅ እንደሆነ ከሥራ ብዛት ተምራለች።

«ልቤ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ሐኪሙ ከሰባት ወር በፊት ነግሮኛል። ወደ ምድር ልውረድ ብል የመውረጃው ክብደት መንገድ ላይ ይጨርሰኛል። እዚሁ ነኝ እንግዲህ። አገር ቤት ሠላሳ ዓመት የዕድር ዳኛ ነበርኩ፤ ስንቱን ሸኘሁ። እዚህ ግን ሰው ሞቶ አያውቅም። ልጆቹ ሞት ምድር ላይ የቀረ ይመስላቸዋል። ይኼ ቤት ያለቀ ዕለት የመጀመሪያው ባለጉዳይ እኔ ነኝ። ሞኝነት ነው፤ ዐውቃለሁ። መብራቱ ሲበራ አፌ ግን 'አልቋል' አይልም።»

«ለማን ነግረዋል?»

«ለማንም። አሰገደች ብትሰማ ሳልሞት ታለቅስብኛለች። ኑረዲን ደግሞ ይቀልዳል፤ ሲቀልድ ነው የሚያሳዝነኝ።»

 አንድ ነገር ግን ውድነሽን ከነከናት፤ የጧቱን ግድግዳ ያፈረሰው ማነው? ያን ሰዓት ጋሽ ጥሩነህን ቤታቸው በር ላይ ተቀምጠው ለቁርስ ስትሄድም ስትመለስም አይታቸዋለች። አውራውን የትእዛዙን ሳይሆን የመልሱን መዝገብ እንዲያነብላት ጠየቀችው። አነበበላት። መዝገቡን እስከ ዛሬ አለመጠየቋ አሳፈራት።

ቅዳሜ ጧት አንድ ሰዓት ላይ አዳራሹን ማስነሣት ጀመረች፤ ሦስቱንም ጠርታ በክምሩ መካከል አቆመቻቸው።

«የማነበው የአዳራሹን መዝገብ ነው» አለች። «'አልቋል ወይ?' ሲባል 'ገና ነው' ተብሎ የተመለሰው አሥራ ሰባት ጊዜ ነው። ጋሽ ጥሩነህ፣ ሁለት ጊዜ። ጋሽ ኑረዲን፣ ሰባት ጊዜ። እትዬ አሰገደች፣ ስምንት ጊዜ።»

ዳጉሳው ብቻ ይንሿሿል። ማንም ማንንም አላየም።

«ስምንት ጊዜ?» አሉ ጋሽ ጥሩነህ።

«ዘጠነኛውንም እል ነበር» አሉ እትዬ አሰገደች፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው። «ደረጃው ላይ ቆመህ አበባውን የምታይ እየመሰልክ ትንፋሽህን ስትሰበስብ አላየሁህም መሰለህ? በሰባ ዓመትህ ነው አበባ መውደድ የጀመርከው?»

«አንተስ?» አሉ ጋሽ ጥሩነህ ወደ ጋሽ ኑረዲን ዞረው።

ጋሽ ኑረዲን ቆባቸውን አስተካከሉ። «ሐኪሙ ጋ የሄድክ ዕለት ወረፋው ላይ ከኋላህ ነበርኩ። ፊትህን ዐይቼ የጥርሴን ጉዳይ ትቼው ተመለስኩ።»

«ታዲያ ዝቅ ይበል፣ ከፍ ይበል ያላችሁት...» አሉ ጋሽ ጥሩነህ።

«ያላለቀ ቤት ሰው አይጠራም ብዬ ነው!» አሉ እትዬ አሰገደች። እንባቸው መጣ። «ምን ልበል ታዲያ? በቃለ ጉባኤ 'ጥሩነህ እንዳይሞት' ብዬ ላስመዝግብ?»

ጋሽ ጥሩነህ መሳቅ ጀመሩ። ሳቁ ትንፋሻቸውን ወሰደው፤ ኑረዲን ክንዳቸውን ያዙላቸው።

«በሉ፣ እፈርማለሁ» አሉ ሲረጋጉ። «ቦታውን ከለቀቅነው ለእኔ የምትቀመጡት በኮሪደር ነው። ጎመን አብቃዩ ሁሉ በላያችሁ እየተሻገረ ሊሄድ ነው።»

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ አዳራሹ ቆመ። የአስተዳደሩ ተቆጣጣሪ የርክክቡን ወረቀት ይዞ በር ላይ ደረሰ። አረንጓዴው መብራት በራ።

«አልቋል ወይ?» አለ አውራው።

ጋሽ ጥሩነህ አፋቸውን ከፈቱ። ዘጉት። እትዬ አሰገደችን አዩ፤ እሳቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል። ጋሽ ኑረዲንን አዩ፤ እሳቸው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ሦስት ሽማግሌዎች አንዲት ቃል አቃታቸው። ተቆጣጣሪው ሰዓቱን ተመለከተ፤ ስድስት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል።

አውራውን ደንቆሮ ማድረግ ለውድነሽ ቀላል ነው። ሁለት ቃል ይበቃታል። ግን ነገ ሌላ ሰው መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳርፎ ይህንኑ ይላል፤ ከዚያም ወዲያ ሌላው። የማይሰማ የለቅሶ ቤት መሥራት አልፈለገችም።

«ጋሼ፣ ልብዎ ያለውን ይበሉ። ይዋሹ አልልዎትም» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ለአውራው ተናገረች። «ከዛሬ ጀምሮ 'ገና ነው' የሚል ሰው ሲመጣ አታፍርስ።»

«ሥራው ካላለቀ ፈርሶ እንደገና መሠራት አለበት» አለ አውራው። «ምን ልሥራ?»

«ምንም አትሥራ።»

«ምንም የሚባል ሥራ በመዝገቤ የለም።»

ውድነሽ አሰበች። አባቷ ያረፉ ጊዜ ቤቱን የሞላው ጎረቤት የሠራው ሥራ ምን ነበር? የሞተውን አላስነሣም። የጎደለውን አልሞላም። መጥቶ ተቀመጠ፤ ያ ነው።

«እንግዲያው መዝገብህ ውስጥ አስገባው» አለችው። «ይህን ቃል የሚናገር ሰው ሥራ አያዝህም። አጠገቡ ሆነህ ቁምለት። እንዳለህ ቁም።»

አውራው ዝም አለ። ሃያ ዓመት ስትሠራ እንዲህ ረጅም ዝምታ ከመሣሪያ ሰምታ አታውቅም። ስድስት ሰዓት ሊሞላ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ጋሽ ጥሩነህ መዳፋቸውን የምሥራቁ ግድግዳ ላይ አሳረፉ።

«ገና ነው» አሉ።

ዳጉሳው ሁሉ ባንድ ጊዜ ሲንሿሿ ተሰማ። እትዬ አሰገደች ዓይናቸውን ጨፈኑ። ድምፁ ቀስ በቀስ ረገበ። ግድግዳው እንደቆመ ነው። ሽማግሌው ብዕሩን ተቀብለው ፈረሙ።

ተቆጣጣሪው ወረቀቱን ይዞ ሄደ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ግን አልሄዱም። በግድግዳው ጥግ ባለው አግዳሚ ላይ ጋሽ ጥሩነህን መካከል አድርገው ተቀመጡ። 

ውድነሽ ዕቃዋን ሰብስባ ልትወጣ ስትል አውራው በጆሮዋ ጠየቃት።

«እስከ መቼ ነው የምቆመው?»

ዘወር ብላ አየቻቸው።

«እነሱ እስኪነሡ» አለችው።