አኩራፊው ሸንተረር

አባቴ ጎርደን የተራራ ተጓዦች ክለባችን ሊቀ መንበር ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ «በአኩራፊው ሸንተረር መውጫ የለም» ሲል ኖሯል። እሱ ሞክሮ ስለተመለሰ፣ እዚህ በአውስትራሊያዋ ደሴት ታዝማኒያ ሌላ ሰው መሞከሩ እንደ ድፍረት ተቆጠረ። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። መውጫውን ካገኘሁ በመጪው ወር ክለቡን በዚያው ልመራ፣ ካጣሁ ዳግመኛ መሪነትን ላላነሳ በሰው ፊት ከአባቴ ጋር ተወራረድኩ።

«ብቻሽን አትሄጂም» አለኝ። ደንባችን ነው፤ ለቅኝት ሁለት ሰው ይወጣል።

«እኔ አብሬያት እሄዳለሁ» ያለው ደክላን ነበር፤ ክለቡን ከተቀላቀለ ሦስት ወር ያልሞላው የቧንቧ ሠራተኛ። ዐይን ለዐይን በተጋጨን ቁጥር ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ያጠብቃል። ደስ አለኝ፤ ምን እዋሻለሁ!

ማለዳ ጀመርን። ገና ከጅምሩ ጥርት ያለ ዱካ አገኘንና «አባዬ፣ ጉድህ ፈላ!» እያልኩ ተከተልኩት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ዱካው ቁጥቋጦ ሥር ካለ ጉድጓድ ገባ። ለካ ዎምባት የሚባለው ጉድጓድ ቆፋሪ አውሬ መንገድ ኖሯል!

ደክላን በሳቅ ፈረሰ። «ባለቤቱ ካለ እናንኳኳ?»

«ዝም በል! ለክለቡ ትነግርና ወዮልህ!»

እየሳቅኩ ዞር ስል ነው ያየሁት። ከኋላችን በየሃያ እርምጃው ቅርንጫፍ ላይ ሮዝ ሪባን ታስሯል። በእኛ ዘንድ ተራራ ላይ ምልክት ማሰር ነውር ነው፤ መንገዱን መያዝ ያለበት የመሪው ዐይን ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ፊቱ ቀላ። «አባትሽ ናቸው የሰጡኝ። ‹ገደሉ ሥር ስትደርሱ በዚህ ምልክት መልሳት› አሉኝ። እሺ ባልል አብሬሽ አልመጣም ነበር፣ ሮዌና።»

«ልትጠብቀኝ ነዋ የመጣኸው! ከብት ነኝ እኔ?»

ዞሮ ወደ ታች ወረደ። ትቶኝ የሄደ መስሎኝ አለቀስኩ፤ ወዲያው በራሴ ተናድጄ እንባዬን ጠረግኩ። እልህ ምላጭ ያስውጣል። የገደሉን ግርጌ እየዳሰስኩ ብቻዬን ቀጠልኩ፤ ከአንድ ቋጥኝ ጀርባም ሰው የሚያስገባ ስንጥቅ አገኘሁ።

ላብ አጥምቆት፣ እጁ በእሾህ ተቦጫጭሮ፣ ኪሱ በሪባን ተወጥሮ ደክላን ደረሰብኝ።

«ሁሉንም ፈታሁት» አለ እያለከለከ። «አሁን መመለሻውን አላውቀውም። ምሪኝ።»

«ለአባቴ የገባኸው ቃልስ?»

«መግባት ያልነበረብኝ ቃል ነው። እወድሻለሁ፤ ብትወጪም ብትመለሺም።»

«አልመለስም!»

«እሱንማ አወቅኩት።»

በስንጥቁ ውስጥ ወደ ላይ መውጣት ጀመርን። እግሬ ሲንሸራተት ትከሻውን ከጫማዬ ሥር አስገባ። «ርገጪኝ!» አለ። ረገጥኩት። ከዚያ እጁን ይዤ እኔ ጎተትኩት።

አናቱ ላይ ገና ሳንቀመጥ ስልኬ ጮኸ።

«የት ናችሁ?» አለ አባቴ።

«አናቱ ላይ።»

«በየት በኩል ወጣሽ?»

«በመጪው ወር ከኋላዬ ተሰልፈህ ታየዋለህ፣ አባዬ።»

«በይ ያንን ደክላን አገናኚኝ!»

«አሁን አይመቸውም» አልኩና ስልኩን ሳልዘጋ ደክላንን ሳምኩት።