የተጠማ ዛፍ ትንፋሽ

«ቱቦዎቹን አምጪያቸው።»

ሰውየው እጁን ዘረጋ። የስለላ ስሙ «አጎት» ነው። ሰባት ወር ሙሉ ሲያዛት የኖረው አለቃዋ።

እሷ በእንጨት ፋብሪካው ላብራቶሪ ለመንግሥት ልትሰልል፣ ጽዳት ተብላ ነው የገባችው። የተገናኙት በምሳ ሰዓት፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ነው።

ከፋብሪካው በላይ ያለው ጫካ እየደረቀ ነው። ባለቤቱ «ዝናብ ጠፋ፤ መቁረጫ ፈቃድ ስጡኝ» ይላል። ውሸቱን ነው። ምንጩን በስውር ቧንቧ የጠለፈው ራሱ ነው።

ዛፍ ሲጠማው ከቅጠሉ የሚወጣው ሽታ ይለወጣል። የጫካ ጠባቂው ወንድሟ ቅርንጫፉን በላስቲክ ሸፍኖ ያንን አየር በትንንሽ ቱቦዎች ይዞ ለእሷ ሰጣት። ከቧንቧው በታች ያሉት ዛፎች ተጠምተዋል። ማዶ ያሉት፣ ያው ዝናብ የዘነበላቸው፣ ደህና ናቸው።

በሳምንቱ ወንድሟን ገደል ውስጥ ሞቶ አገኙት።

ወንድሟ ጫካ ውስጥ የሚሄድበትን መንገድ የሚያውቁት እሷና አጎት ብቻ ነበሩ።

ሦስቱን ቱቦዎች ሰጠችው።

«ባዶ አይመስሉም እንዴ?»

«ትንፋሽ በዓይን ይታያል እንዴ ጋሼ?»

ሳቀ። ክዳኑን ፈታና አሸተተው።

ጥርጣሬዋ እውነት ሆነ።

ለምርመራ የሚወስድ ሰው ክዳን አይከፍትም። የውጪ አየር ከገባበት ማስረጃው አበቃለት። ይህንን ጽዳቶቹ እንኳን ያውቃሉ።

ሁለተኛውንም ከፈተ። ሦስተኛውንም።

«አለቀ። ወንድምሽም እንዳንቺ ችኮ ነበር። ሕንፃው በር ላይ የባለቤቱ ሁለት ጠባቂዎች አሉ፤ አርፈሽ ውጪ።»

«እነዚህማ ለማወዳደሪያ የሚያዙ ባዶዎች ናቸው» አለች። «እውነተኞቹ ጠዋት በበረዶ ሣጥን ዐቃቤ ሕግ ጋ ገብተዋል።»

ባልዲዋን አንስታ ወጣች። የብረቱን በር ከውጪ ቆለፈች።

«እህቴ! በእናትሽ ክፈቺልኝ!»

«ወንድሜም ሳይለምንህ አልቀረም።»

ፍርዱን ለፈጣሪ ትታለች። በሩን ግን ቆልፋለች።

ጠባቂዎቹ ሰላይ ጠብቁ ተባሉ እንጂ ባልዲ የያዘች ሴት አልጠበቁም። ቁልፉን ሰጠቻቸው።

«ውስጥ ያለው ሰውዬ እውነተኞቹን ቱቦዎች ለዐቃቤ ሕግ ሸጧቸዋል አሉ። ለጌታችሁ ንገሩት።»

ተንደርድረው ገቡ። እሷ በቀስታ ሄደች። ጩኸቱን ሰማች። ዞር አላለችም። ፈጣሪ ይቅር ይበላት፣ ደስ አላት።

ከሰዓት አውቶቡስ ውስጥ ነበረች። አዲስ ስም፣ አዲስ መታወቂያ። እናቷ ጋ ከእንግዲህ መሄድ የለም፣ መደወልም የለም።

አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ ብስኩት ዘረጉላት።

«እንኪ ልጄ። ወንድም እህት አለሽ?»

ብስኩቱን ተቀበለች።

«ኧረ እማማ፣ ለእናቴ አንድ ነኝ።»