አባቴን ከፋብሪካው ያወጣሁ ቀን

ይህን የምጽፈው ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም። በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው።

ታላቅ እህቴ ብታነበው አበደች ትላለች። ለእሷ አባታችን እኔ ቤት በሰላም አለ...

ሌሊት አልነበረም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት ነው።

ቦታው የተወለድኩበት ከተማ ነው። በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ዙሪያ የበቀለ ከተማ። ፋብሪካው ሲዘጋ ሰዉ ቤቱን እየነቀለ ሄደ። እህቴ ሄደች፣ እኔም ሄድኩ። እናቴ እዚያው አረፈች። የቀረው አባቴ ብቻ ነበር።

አባቴ ዕድሜውን የገፋው ሽመና ክፍል ውስጥ ነው። የመኪኖቹ ጩኸት ጆሮውን በላው። ጭራሽ አይሰማም።

ወሬ ግን አታመልጠውም። የሽመና ክፍል ሰዎች የሚነጋገሩት በከንፈር ነው። በዚያ ጩኸት መሀል ድምፅ ዋጋ የለውም፤ ፊት ለፊት ቆመህ ከንፈርህን ታንቀሳቅሳለህ፣ ያኛው ያነብሃል። ቤታችንም እንደዚያው ነበር። እናትና አባቴ ሲጣሉ እንኳ ድምፅ አይወጣም። ጎረቤት "እንዴት ያለ የተባረከ ትዳር!" ይላል። እኔና እህቴ ግን ስድቡን አንድ በአንድ እያነበብን አድገናል።

አባቴ ድምፅ አውጥቶ ሲናገር ደግሞ ይጮኻል። የራሱን ድምፅ አይሰማማ! "እንዴት አደርሽ?" ሲለኝ ጎረቤቱ በሙሉ "ይመስገን" ይላል።

አሁን አሁን ያንን ከተማ ሰው የሚያየው ለፍርስራሹ ነው። ስንኖርበት ዞር ብሎ ያላየን ሁሉ፣ ባዶ ሲሆን ካሜራውን አንጠልጥሎ መጣ። አባቴም አስጎብኚ ሆነላቸው። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የሄድኩት ልወስደው ነው። ልቡ ደክሟል፤ ሐኪሙ "ብቻውን እንዳትተዉት" ብሏል። ስለምነው ኖሬ በመጨረሻ እሺ አለኝ።

"የዛሬዎቹን እንግዶች ላስጎብኝና እንሄዳለን!" ብሎ ጮኸ።

እንግዶቹ አንዲት አርክቴክትና ባልደረቦቿ ነበሩ። በሚኒባሳቸው ሊሸኙን ተስማሙ። ሻንጣውን ጭነን ጉብኝቱ ተጀመረ።

መጀመሪያ የሠራተኛው ሰፈር። በቀይ ጡብ የተሠሩ፣ ግድግዳ የሚጋሩ ጠባብ ቤቶች። ቆርቆሯቸው ተነቅሎ ተወስዷል። የእኛ ሳሎን ውስጥ ዛፍ በቅሏል።

"በጣም ያምራል!" አለች አርክቴክቷ።

አባቴ ከንፈሯን አነበበ። "ስንኖርበት ያፈስ ነበር!"

ቀጥሎ ኮረብታው ላይ ያሉት የአለቆቹ ቪላዎች። ሰፋፊ በረንዳ፣ ከፍ ያለ ጣሪያ።

"ነፋሱን አጥንተው ነው እዚህ የሠሩት! ጭሱ ወደ እኛ ነበር የሚሄደው!"

በመጨረሻ ፋብሪካው...

መኪኖቹ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠዋል። የሽመናው አዳራሽ ወለል ላይ የብሎን ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። እርምጃችን ያስተጋባል።

አባቴ ድንገት ቆመ። ባዶውን ጥግ እያየ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ድምፅ የለም።

"መጣሁ" ሲል አነበብኩት።

ትከሻውን ነክቼ ወደ እኔ አዞርኩት። "አባዬ፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው?"

"ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ነዋ!"

"ማንም የለም እኮ።"

"ለአንቺ ነዋ የሌለው! ተሰናብቻቸው ልምጣ፣ አንዴ ጠብቂኝ!"

ፎቁ ላይ ወዳለው የፈትል ክፍል በደረጃው ወጣ።

ጠበቅን... አርክቴክቷ ፎቶዋን ጨረሰች። ሌሎቹም ወደ ሚኒባሱ ሄዱ። ልከተለው አንድ እግሬን ደረጃው ላይ ሳሳርፍ ወረደ።

"እንሂድ" አለኝ።

በሹክሹክታ።

አባቴ ሲያንሾካሹክ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ስንብቱ ሆድ አስብሶት ነው ብዬ አለፍኩት።

ራሰ በራው ላይ የጥጥ ብናኝ አለ። ነጭ፣ አቧራ ያልነካው። በዚያ ቤት ጥጥ ከገባ ዘመናት አልፈዋል። ላራግፍለት እጄን ስዘረጋ ሸሸት አለ።

"ተይው..."

ሚኒባሱ ውስጥ እኔ በመስኮቱ በኩል፣ እሱ ከጎኔ ተቀመጥን። ጀርባዬን ሰጥቼው ፋብሪካውን አየሁ። እናቴን አሰብኩ፤ ዕንባዬ መጣ።

"ምነው እንዲህ ጣሏት ይህችን ከተማ..." ብዬ ለራሴ አጉተመተምኩ።

"ሲጨርሱን ነዋ የጣሉን" አለ ከኋላዬ።

ደርቄ ቀረሁ።

ፊቴን አላየም። ከንፈሬን አላየም።

አፌን በመዳፌ ሸፈንኩ። ሳልዞር፣ እኔው ራሴ በማልሰማው ድምፅ ጠየቅሁት።

"አባዬ... ውሃ ላምጣልህ?"

"አልጠማኝም።"

ዞሬ ላየው ፈራሁ። የገዛ አባቴን!

"ሁላችንም ገብተናል?" አለች አርክቴክቷ ከፊት።

"ገብተናል" አለ እሱ ቀስ ብሎ። "ማንም አልቀረም።"

ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ። ያን ጊዜ ነው ቀና ብዬ ፎቁን ያየሁት።

በተሰበረው መስኮት ውስጥ ሰው ቆሟል። ከጎኔ ያለው የለበሰውን ያንኑ ግራጫ ሹራብ ለብሷል። ራሰ በራው፣ የጎበጠ ትከሻው...

አባቴ ነው።

"አቁም!" ብዬ ጮኽኩ። ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። "ምን ሆነሽ ነው?" ይለኛል።

አባቴ እንደ ልማዱ እየጮኸ ነበር። የአንገቱ ሥር ተገታትሯል። ድምፁ ግን አይመጣም፤ ምንም አይመጣም። ሁለት እጁን መስኮቱ ላይ ደግፎ፣ ዓይኑን ከእኔ ሳይነቅል ያንኑ ነገር ደጋግሞ ይላል። እንዳነብለት ቀስ አድርጎ...

"ልጄ... አጠገብሽ የተቀመጠው ማነው?"

ከኋላዬ አንድ እጅ በትከሻዬ ላይ ተዘረጋ። የመስኮቱን መጋረጃ ይዞ፣ ቀስ ብሎ ዘጋው።