ከባሕር ዛፉ ሥር

ሙሉወርቅ አርጆ ከተማ ውስጥ ከተከራየችው ቤት በረንዳ ላይ ስትቆም፣ ከነቀምት የሚመጣው መንገድ እስከ ታችኛው ባሕር ዛፍ ድረስ ወለል ብሎ ይታያታል። ወዳጇ ሮቤራ በየእሑዱ በእሽቅድምድም ብስክሌቱ በዚያ ይመጣል። በየእሑዱም ባሕር ዛፉ ጋ ሲደርስ ይወርዳል። አንገቱን ደፍቶ ብዙ ይቆምና ብስክሌቱን እየገፋ ይወጣል።

ሲደርስም ውሃ ይጠጣል፣ ፈገግ ይላል፣ ይመለሳል።

«እያመነታ ነው» አለች ለራሷ።

መምህርት ናት። ወላጆቿ ወዳሉበት ወደ ቢላ ለመዛወር የሞላችው ማመልከቻ መሳቢያዋ ውስጥ ተቀምጧል፤ በወሩ መጨረሻ ካላስገባችው ያልፋታል። ሁለት እሑድ ሲቀራት ቁልቁል ወርዳ ባሕር ዛፉ ሥር ጠበቀችው።

ሮቤራ እያለከለከ ደረሰ። ሲያያት ደነገጠ።

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«አንተስ? ሁልጊዜ እዚህ ቆመህ ምን ታስባለህ? መምጣቱ ከከበደህ ቅር። ማንም አላስገደደህም።»

«እኔ አስባለሁ?» ሊስቅ ሲል ሳል አቋረጠው። «ሙሌ፣ ዳገቱ አቅቶኝ ነው።»

ዓይኗን ከእሱ ወደ ዳገቱ መለሰች።

«ዱጋ ኮቲ! እውነቴን ነው። ብስክሌተኛ ነኝ ብዬሽ እንዴት ልንገርሽ? ስደርስ የምልሽ ነገር አለኝ፤ ትንፋሽ ግን አይተርፈኝም።»

ሙሉወርቅ ደረቷ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ የተነሣላት መሰላት። ጎንበስ ብላ የኋላውን ማርሽ አየች። አባቷ ይስማው ብስክሌት ጠጋኝ ናቸው፤ ጥርስ እየቆጠረች ነው ያደገችው።

«ትልቁ ሃያ ሦስት ጥርስ? አርጆን በዚህ ነው የምትወጣው?»

«ሻምፒዮኖች የሚነዱት እሱን ነዋ።»

«ሜዳ ላይ! ሃያ ስምንት አስገባ። ካቴናውንም አስረዝመው።»

«ሃያ ስምንት እኮ የሽማግሌ ማርሽ ነው!»

«አባቴ ሽማግሌ ናቸው። ዳገት ላይ ግን ወርደው አያውቁም።»

አንገቱን ደፋ። ከዚያ ቀና ብሎ «አሁን ልንገርሽ?» አላት።

«አይሆንም። ሳትወርድ መጥተህ ትነግረኛለህ።»

በሚቀጥለው እሑድ ከሩቅ እንዳየችው እንደ ልማዷ ጸጉሯን ፈታች። ሌላ ጊዜ እሱ ባሕር ዛፉ ጋ አርፎ እስኪወጣ ሠርታ ትጨርስ ነበር። ግማሹን እንኳ ሳትጎነጉን በሩ ላይ ፍሬን ጮኸ።

«አልወረድክም?»

«አልወረድኩም!» ትንፋሹ ደህና ነበር። ቢሆንም ፍሬኑን ይነካካ ጀመር።

«በል እንጂ። አሁን ደግሞ ምን አነሰህ?»

«እየገፋሁ ስመጣ እለማመደው ነበር። ዛሬ ጊዜ አጣሁ። አባትሽ ጋ ሽማግሌ ልላክ?»

ጸጉሯን በእጇ እንደያዘች ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቀረረ።

«ላክ። ግን በመኪና ይሂዱ፤ የቢላም ዳገት ቀላል አይደለም።»

ሊይዛት እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው። ጠዋት ካቴናውን ራሱ ሲያስገባ እጁ በግራሶ ጠቁሯል።

ሙሉወርቅ ወደ ቤት ገብታ መሳቢያውን ከፍታ አንድ የተሞላ ወረቀት አወጣችና ሰጠችው።

«በዚህ ጥረገው።»

«ማኅተም አለው እኮ!»

«ጥረገው» አለች። «አሁን አያስፈልገኝም።»